ሊጎች ቁማርን ለምን ጠሉት? ለምንስ ታረቁት?

ወግዲ ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ የሚያሳይ ቤት ገብታችሁ ታውቁ ይሆናል። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በመስመር የተደረደረ አግዳሚ፣ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን። ድሮ እዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው ጩኸት ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ የአርሴናልና የማንቼ። አሁን ሦስተኛ ዓይነት ጩኸት ተጨምሯል። ጎል ሳይቆጠር፣ ኳሷ ግብ አካባቢ ሳትደርስ፣ አንዱ ከኋላ ብድግ ብሎ ይጮኻል። ዞር ብላችሁ ስታዩት ዓይኑ ከቴሌቪዥኑ ላይ የለም፤ ስልኩ ላይ ነው። ሌላ አገር፣ ስማቸውን እንኳ አስተካክሎ የማይጠራቸው ሁለት ቡድኖች ሲጫወቱ አንድ የማዕዘን ምት ተገኝቷል።

ባለፈው እዚያ ቤት አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የባጃጅ ሹፌር ነው። 12 ጨዋታ የደረደረበት ትኬት ይዟል። በ50 ብር የቆረጠው ነው፤ ሁሉም ከገባለት ከ110 ሺህ ብር በላይ ያገኛል። 11ዱ ገብቶለታል። አሥራ ሁለተኛው በመጨረሻው ደቂቃ አቻ ወጣና ተበላሸ። ጓደኛው ትከሻውን መታ አድርጎ «አብሽር፣ ነገም ቀን ነው» አለው። ልጁም እዚያው ሳይነሳ የነገውን መደርደር ጀመረ።

ስንወጣ በር ላይ ሻይ የሚጠጡ አንድ አዛውንት ጠሩኝ። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ አስረዳኝ» አሉኝ። «ኳሱን የሚጫወቱት እነዚያ ፈረንጆች ናቸው። የሚከስረው ደግሞ የኛ ልጅ ነው። የኳሱ ባለቤቶች ይህን ሲያዩ ምን ይላሉ?»

«አያ፣ ነገሩ ረጅም ነው» ብዬ አለፍኳቸው። ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። የኳሱ ባለቤቶች ምን ይላሉ? ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው ያልሰጠሁት መልስ ነው።

ዳኛውና ውርርዱ

ውርርድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በድሮው ሙግት ተከራካሪዎች በዳኛ ፊት ቆመው «በማር»፣ «በበቅሎ»፣ «በፈረስ» እየተባባሉ ይወራረዱ ነበር። የተረታው ውርርዱን የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ለረታው ሰው ሳይሆን ለዳኛው ነበር። ይህ የሚያመጣውን ጣጣ ለመረዳት ሕግ መማር አያስፈልግም። ዳኛው ከውርርዱ የሚበላ ከሆነ፣ ውርርዱ ቢበዛለት እንጂ ቢያንስለት አይወድም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደኋላ እንመለስባታለን።

ሊጎች ሲጠሉት

የባለሙያ ስፖርት ሊጎች ቁማርን የጠሉት በሥነ ምግባር ሰባኪነት ተነሥተው አይደለም። ተቃጥለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የአሜሪካ ቤዝቦል የፍጻሜ ውድድር ላይ የቺካጎው ዋይት ሶክስ ቡድን በሲንሲናቲ ሬድስ ተሸነፈ። ቆይቶ ስምንት ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ጋር ተመሳጥረው ሆን ብለው ለመሸነፍ ተስማምተዋል ተብለው ተከሰሱ። በ1921 ፍርድ ቤት ነጻ አወጣቸው። የቤዝቦሉ የበላይ ኮሚሽነር ኬነሶ ላንዲስ፣ ራሳቸው የፌዴራል ዳኛ የነበሩ ሰው፣ በማግስቱ ስምንቱንም ዕድሜ ልካቸውን ከጨዋታ አገዷቸው። ፍርድ ቤት ያለው ሌላ፣ ሊጉ ያለው ሌላ።

ለምን እንዲህ ጨከኑ? ምክንያቱም ሊግ የሚሸጠው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ እሱም አስቀድሞ የማይታወቅ ውጤት ነው። ተመልካች ገንዘብ ከፍሎ ስታዲየም የሚገባው፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሚሊዮን የሚከፍለው፣ ማን እንደሚያሸንፍ ማንም ስለማያውቅ ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ ካወቀ ዕቃው ተበላሸ። ቲያትር ይሆናል። ቲያትርን ማየት የሚፈልግ ደግሞ ወደ ቲያትር ቤት ይሄዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥርጣሬ ነው። ጨዋታው ባይሸጥ እንኳ «ሳይሸጥ አይቀርም» የሚል ወሬ ይበቃል። ቁማር በተስፋፋበት ቦታ የሳተ ፍጹም ቅጣት ምት ሁሉ፣ ያልተነፋ ፊሽካ ሁሉ ምክንያት ይፈለግለታል። ተጫዋቹ ሰው ስለሆነ ሳተ ብሎ የሚያምን ይጠፋል።

ሦስተኛው በግልጽ ባይናገሩትም ቀላል ነው። ቁማር ቤቱ በእነሱ ጨዋታ ሲከብር፣ ሊጎቹ ድርሻ አልነበራቸውም።

በእንግሊዝ የሆነው ይህን ሦስተኛውን ምክንያት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ1920ዎቹ ሊቨርፑል ውስጥ ሊትልዉድስ የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። ሠራተኛው ሕዝብ የሳምንቱን ጨዋታዎች ውጤት በኩፖን ላይ እየሞላ በፖስታ የሚልክበት «ፑልስ» የሚባል ጨዋታ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሚሊዮኖች ገቡበት። የእግር ኳስ ሊጉ መሪዎች ተቆጡ። በ1936 የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ እንግዳ እርምጃ ወሰዱ፤ የጨዋታውን መርሐ ግብር ደበቁ። ኩፖኑ አስቀድሞ መታተም ስላለበት ማን ከማን እንደሚጫወት ካልታወቀ ቁማሩ አይኖርም ብለው አስበው ነው። ግን ደጋፊውም አብሮ አላወቀም። ስታዲየሞች ሳሱ፣ ክለቦቹ በራሳቸው መሪዎች ላይ አመፁ፣ ዕቅዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሰ።

ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ ያው ሊግ ሊትልዉድስን ፍርድ ቤት ገተረው። በዚህ ጊዜ ግን «ቁማር ይቁም» አላለም። «መርሐ ግብሩ የእኔ የፈጠራ ሥራ ነው፤ ለመጠቀም ክፈል» ነበር ያለው። ረታም። ከዚያ በኋላ ፑልስ ለሊጉ በየዓመቱ የሚከፍል ደንበኛ ሆነ። በ1936 ኀጢአት የነበረው በ1959 ገቢ ሆነ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የፈሩት ነገር አልቀረም ነበር። በ1964 በአንድ ጋዜጣ ምርመራ የሸፊልድ ዌንስዴይ ሦስት ተጫዋቾች በራሳቸው ቡድን ሽንፈት ላይ መወራረዳቸው ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት እስር ቤት ገቡ። ከመካከላቸው ሁለቱ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፉ ነበሩ።

የአሜሪካው መገለባበጥ

ወደ አሜሪካ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1992 የአገሪቱ ምክር ቤት ክፍለ ግዛቶች የስፖርት ውርርድን እንዳይፈቅዱ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ኔቫዳን የመሰሉ ቀድመው የጀመሩ ጥቂቶች ብቻ በነበሩበት ቀሩ። ሕጉን ከገፉት እንደራሴዎች አንዱ ራሳቸው የኤንቢኤ ተጫዋች የነበሩት ቢል ብራድሊ ናቸው። የትልልቆቹ ሊጎች ኃላፊዎች ምክር ቤት ቀርበው ሕጉ እንዲወጣ መሰከሩ። ሕጉ ደግሞ አንድ ያልተለመደ ነገር ነበረው፤ ሊጎቹ ራሳቸው ከሳሽ ሆነው ፍርድ ቤት እንዲሄዱ ሥልጣን ሰጣቸው። ኒው ጀርዚ በ2012 ውርርድን ልትፈቅድ ስትነሣ አራቱ ታላላቅ ሊጎችና የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር አብረው ከሰሷት።

እግረ መንገዱን ግን ልባቸው እየተከፈለ ነበር። በኅዳር 2014 የኤንቢኤው ኮሚሽነር አዳም ሲልቨር በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ውርርድ በሕግ ተፈቅዶ ቁጥጥር ይደረግበት ብለው ጻፉ። መከራከሪያቸው ቀላል የሚጣል አልነበረም። ሰው በድብቅ እየተወራረደ ነው፤ የተደበቀውን ማንም አይቆጣጠረውም፤ ወደ ብርሃን ይውጣና አጠራጣሪ ገንዘብ ሲንቀሳቀስ እንየው የሚል ነበር። ይህን በጻፉበት በዚያው ሳምንት ሊጋቸው ፋንዱኤል ከተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ድርጅት የባለቤትነት ድርሻ መያዙ ተነገረ።

በግንቦት 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1992ን ሕግ ሻረው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ፍርዱ ወዴት እንደሚያዘነብል ሲገመት፣ የኤንቢኤ ጠበቃ በኒው ዮርክ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ከሚወራረደው ገንዘብ ሁሉ 1 በመቶ ለሊጎቹ ይከፈል ብለው ጠይቀው ነበር። ስሙን «የታማኝነት ክፍያ» አሉት። ከፍርዱ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ ኤንቢኤ ኤምጂኤም ከተባለው ታላቅ የካዚኖ ድርጅት ጋር ተፈራረመ። በ2003 የላስ ቬጋስን ማስታወቂያ በፍጻሜ ጨዋታው ላይ አላሳይም ያለው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በ2024 ያንኑ የፍጻሜ ጨዋታ ላስ ቬጋስ ወስዶ አካሄደው።

ስለዚህ «ሊጎች የኢንተርኔት ቁማርን ለምን ይቃወማሉ?» ለሚለው ጥያቄ ታሪክ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ የጨዋታቸውን እምነት ስለሚያጠፋባቸው ይቃወማሉ፤ ድርሻ ሲሰጣቸው ደግሞ ያንኑ አደጋ ዋጋ ያወጡለታል። አደጋው ግን ዋጋ ስለወጣለት አልጠፋም።

የእኛ ሊግ ስሙን ሲሰጥ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ለትውልዶች ሎተሪ ማለት በመንገድ ዳር የሚያዞር ልጅ፣ ቶምቦላ፣ የእንቁጣጣሽ ዕጣ ማለት ነበር። ዕጣው እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል፤ ሰው ትኬቱን ኪሱ ከትቶ ሥራውን ይሠራል። የስፖርት ውርርድ በ2010ሮቹ መጀመሪያ ላይ ሲስፋፋ ፈቃድ የሰጠው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው፤ በሕግ ፊትም የገባው እንደ አንድ የሎተሪ ዓይነት ሆኖ ነው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ በየሠፈሩ የውርርድ ቤት በቀለ። በር ላይ «ከ21 ዓመት በታች የተከለከለ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ ሥር ደብተር የያዘ ተማሪ ቆሟል።

በዚህ ጊዜ የኳሱ ባለቤት ምን አለ? አልተቃወመም። ስሙን ሰጠ።

ጊዜውን እናስታውስ። የ2012 የውድድር ዘመን በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር አዲስ የተቋቋመ፣ ገንዘብ የሌለው ተቋም ነበር። በ2013 መጀመሪያ ከዲኤስቲቪ ጋር የአምስት ዓመት ውል ተፈራረመ። ጠቅላላ ዋጋው 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘገበ። ለመጀመሪያ ጊዜ የእኛ ሊግ በጥሩ ካሜራ በመላው አፍሪካ ሊታይ ሆነ። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ውሉ ውስጥ የሊጉ ስምም አብሮ ተሽጧል። ታኅሣሥ 2013 ላይ ውድድሩ ሲጀመር ስሙ «ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ነበር።

ቤትኪንግ የናይጄሪያ የውርርድ ድርጅት ነው። የዲኤስቲቪ ባለቤት የሆነው መልቲቾይስ በ2020 በዚህ ድርጅት ውስጥ 20 በመቶ ድርሻ ገዝቶ፣ በማግስቱ ዓመት ወደ 49 በመቶ አሳድጎታል። እንግዲህ ልብ በሉ። ጨዋታውን የሚያሳየው፣ ለሊጉ የሚከፍለውና በውርርዱ የሚያተርፈው በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ነበሩ። ኳሱ ራሱ እንደ ማጥመጃ ነው።

በዚያ ዓመት ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ከጎንደር እስከ ወሎ ስንት ሰው ጨፍሯል! ዋንጫው ሲነሣ ከኋላ ያለው ሰሌዳ ላይ የነበረው የውርርድ ድርጅት ስም ነው። በክልላችን የኳስ ታሪክ ትልቁ ፎቶግራፍ ውስጥ ቁማር ቤቱ ቆሞ ተነሥቷል። ማንም ግን አላየውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ የሚሠራው ሳይታይ ነው። የሊጉን ስም በሬዲዮ በሰማ ቁጥር፣ ልጁ ኳስና ውርርድን አንድ ስም አድርጎ ተማረ።

ኬንያ በዚህ መንገድ ቀድማን ሄዳለች። ሊጓ ስፖርትፔሳ በተባለ የውርርድ ድርጅት ስም ይጠራ ነበር። መንግሥት ግብር ሲጨምርና በ2019 ፈቃድ ሲከለክል ድርጅቱ ገንዘቡን ይዞ ወጣ፤ ጎር ማሂያን የመሰሉ ታላላቅ ክለቦች ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ አጡ። በ2020 ያው ቤትኪንግ የአምስት ዓመት ውል ይዞ መጣ፤ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ሄደ። በእኛም ዘንድ ስሙ ብዙ አልቆየም፤ ከሊጉ ላይ ወረደ። የቁማር ገንዘብ እንዲህ ነው። ሲመጣ ሌላ ደጋፊ ያባርራል፤ ሲሄድ ባዶ ቤት ይተዋል።

ለምን አልፈሩም?

የእኛ ሊግ እንደ አሜሪካኖቹ ያልፈራው ለምንድን ነው? ገንዘብ ስለቸገረው ብቻ አይመስለኝም። የወግዲው ልጅ 12 ጨዋታ ሲደረድር ከመካከላቸው አንዱም የኢትዮጵያ ክለብ ጨዋታ አልነበረም። እንግሊዝ፣ ስፔን፣ ቱርክ፣ ስካንዲኔቪያ ነው። የእኛ ወጣት በእኛ ሊግ ላይ ብዙም አይወራረድም፤ ስለዚህ የእኛ ሊግ ጉዳቱ በራሱ ላይ እንደሚመጣ አልታየውም። የተሸጠው የጨዋታው ታማኝነት አልነበረም፤ የደጋፊው ጆሮ ነው።

ይህ ግን ግማሽ ስሌት ነው። የኢንተርኔት ገበያ ድንበር የለውም። እዚህ ማንም የማይወራረድበትን የኢትዮጵያ ጨዋታ ውጭ አገር ያለ ሰው ይወራረድበታል። አጭበርባሪ ደግሞ ሁልጊዜ የሚፈልገው ደሞዙ ያነሰ ወይም የዘገየበትን ተጫዋች ነው። የእኛ ክለቦች ተጫዋቾች ለወራት ደሞዝ ሳይከፈላቸው ቀርተው ልምምድ ሲያቆሙ በየዓመቱ እንሰማለን። በውድድር ዘመኑ ማብቂያ ደግሞ «እገሌና እገሌ ተለቃቀቁ» የሚል ሐሜት አይጠፋም። ሐሜቱ እውነት ይሁን አይሁን፣ የኳስ ቤት የሚያፈርሰው ይህ ዓይነት አፈር ነው።

ምሳሌ ካስፈለገ ሩቅ አንሂድ። በየካቲት 2020 ፊፋ በኬንያ ሊግ ጨዋታ በማስቀየር ጥፋተኛ ያላቸውን ተጫዋቾች አገደ፤ አንዱን ዕድሜ ልኩን። በ2024 ኤንቢኤ ጆንቴ ፖርተር የተባለ ተጫዋቹን ለዘላለም አሰናበተ። ልጁ በሊጉ ደረጃ አነስተኛ ተከፋይ ነበር፤ የቁማር ዕዳ ነበረበት፤ «አሞኛል» እያለ ከሜዳ በመውጣት በእሱ ላይ የተወራረዱ ሰዎች እንዲያሸንፉ አድርጓል። በጥቅምት 2025 የቱርክ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ባደረገው ማጣራት ከ571 ዳኞች 371ዱ የውርርድ አካውንት እንዳላቸው፣ 152ቱ በትክክል ሲወራረዱ እንደነበር ገለጸ። የወግዲው ልጅ ትኬት ላይ የቱርክ ጨዋታ ነበረበት ብያችኋለሁ።

የ12 ጨዋታ ሒሳብ

አሁን ትኬቱን ራሱን እንመርምረው፤ ብዙ ወንድሞቼ «አንድ ብቻ ነው ያበላሸብኝ» ስለሚሉ።

ለምሳሌ ግማሽ በግማሽ ዕድል ያለው አንድ ነገር እንውሰድ። ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ፍትሐዊ ዋጋው 2 ነው፤ 100 ብር ያስያዘ ሲያሸንፍ 200 ያገኛል። ቁማር ቤቱ ግን 2 አይሰጥም፤ 1.90 ይሰጣል። ልዩነቷ ኢምንት ትመስላለች። ለአንድ ጨዋታ የቤቱ ድርሻ 5 በመቶ ነው።

12 ጨዋታ ስትደረድሩ ግን ያቺ 5 በመቶ 12 ጊዜ ትቆርጣለች። ሁሉም የመግባቱ ዕድል ከ4,096 አንድ ነው። በ50 ብር ፍትሐዊው ክፍያ 204,800 ብር መሆን ነበረበት። ቤቱ የሚሰጠው 110 ሺህ ገደማ ነው። ማለትም ከፍትሐዊው ዋጋ ግማሽ ያህሉን ትኬቱ ሳይጀመር ወስዶታል። በዚያ ላይ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕጣ ገቢ ላይ 15 በመቶ እንዲቆረጥ ደንግጎ ነበር። ልጁ በየቀኑ አንዳንድ ትኬት ቢቆርጥ በአማካይ አንዴ ለማግኘት ከ11 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። «አንድ ብቻ አበላሸብኝ» የሚለው ነገር ደግሞ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። 12 ሲደረደር አንዱ እንኳ ከሳተ ትኬቱ ሁሉ መበላሸቱ የጨዋታው ሥሪት ነው፤ ተስፋው እንዳይሞት ቀረብ ብሎ መሳት ያስፈልጋል።

በሩ ሲዘጋ

በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን በብዛት አሸገ። ወላጆች አመሰገኑ። ግን ጊዜው አልፎበት ነበር። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው፤ የውርርዱ ንግድ ከበሩ ወደ ስልኩ ለመሻገር መንገዱ ተጠርጎለት ነበር። ቤቱ ሲታሸግ ልጁ ስልኩን አወጣ። ቤት ሲሆን መዝጊያ ሰዓት አለው፣ ጎረቤት ያያል፣ አባት በዚያ ሲያልፍ ልጁ ይደበቃል። ስልክ ይህ ሁሉ የለውም። ከዚህም በላይ በዚያው መተግበሪያ ውስጥ አውሮፕላን ተነሥታ እስክትጠፋ የሚወራረዱበት «አቪዬተር» የሚባል ጨዋታ አለ። ያ ስፖርት አይደለም፤ ለዘጠና ደቂቃ መጠበቅ እንኳ የለበትም። በሰከንዶች ያልቃል።

እኛ አካባቢ አንድ ያልታሰበ ነገር ታይቷል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ሲቋረጥ የስልክ ውርርዱም አብሮ ቆመ። መዘጋቱ ያደረሰውን ጉዳት ማንም አይክደውም፤ ንግድ ቆሟል፣ ከዘመድ ጋር መገናኘት ተቸግሯል፣ የእኔም እንጀራ የሚጋገረው በዚሁ መስመር ነው። ግን አንዲት እናት «ያን ዓመት ልጄ ደሞዙን ቤት ያመጣ ነበር» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ምን ቀድሞ እንደተከፈተም ነግራኛለች።

ታዲያ ማን ይናገር?

አንዳንድ ወዳጆቼ «ይከልከል፣ አለቀ» ይላሉ። ሊጎች የ1936ቱን ያህል ሲጨክኑ ምን እንደሆነ አይተናል፤ የአዲስ አበባውንም አይተናል። መከልከል ብቻውን ቁማሩን ወደ ጨለማ ይገፋዋል የሚለው የአዳም ሲልቨር ነጥብ ውሸት አይደለም። ውሸቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ወደ ብርሃን ካወጣነው በኋላ እንቆጣጠረዋለን ባሉት ላይ። የሚቆጣጠረው ሰው ከገቢው የሚካፈል ከሆነ ብርሃኑ የሚያገለግለው ለመቁጠሪያ ብቻ ነው።

የድሮውን ዳኛ አስታወሳችሁ? ፈቃድ የሚሰጠው፣ ገቢ የሚሰበስበውና ይቆጣጠራል የሚባለው አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን ዳኛው ከውርርዱ እየበላ ነው። ሊጉ ስሙን ሲሸጥ እሱም ከዚያው ማዕድ ቀረበ። ለልጁ የቆመ አንድም ሰው በችሎቱ ላይ አልነበረም።

እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚቆጣጠረው አካል ከገቢው ይለይ፤ በአንድ ሰው በሳምንት የሚወራረደውን ገንዘብ በስልክ ቁጥሩ መገደብ ዛሬ ቀላል ሥራ ነው፤ የዕድሜውም ማጣሪያ እንደዚያው። ሁለተኛ፣ ሊጋችን ዳግመኛ ስሙን ለቁማር አይስጥ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች እንኳ ከ2025/26 የውድድር ዘመን ማብቂያ በኋላ የውርርድ ድርጅት ስም ከማልያቸው ፊት ለፊት ሊያነሡ በ2023 ተስማምተዋል፤ የሁሉም መድኃኒት ባይሆንም ጅምር ነው። የጨዋታውን ታማኝነት መጠበቅ ከፈለገ ደግሞ ሊጉ ከተጫዋቹ ደሞዝ ይጀምር። ደሞዙን በጊዜ ያገኘ ተጫዋች ለመግዛት ውድ ነው።

ሦስተኛው የእኛው የራሳችን ነው። ገና ሲደርስ በየሜዳው የሚጫወተው የገና ጨዋታ ሽልማቱ ምን ነበር? የተሸነፈውን ሠፈር በግጥም መስደብ! ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ ሲጫወቱ ስታዲየም የሚሄደው ሰው ምን ያተርፋል? ምንም። ይህ ምንም ያለማትረፍ ነገር ነው ኳስን ኳስ ያደረገው።

አያ፣ ያን ቀን ላልመለስኩልዎ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። የኳሱ ባለቤቶች መጀመሪያ ጮኹ፤ ቀጥሎ ስንት እንደሚያወጣ ጠየቁ፤ አሁን ዝም ብለዋል። ለልጆቻችን ይናገራሉ ብለን አንጠብቃቸው። ያ ልጅ የነገውን ትኬት ሲደረድር አጠገቡ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እኔም ምንም አላልኩትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሒሳቡን በወረቀት ጽፌ እወስድለታለሁ።